አንዴ ብቻ እንዲያንኳኳ ስለተፈረደበት ሰው

ለተከበሩ የአሳታሚ ድርጅቱ የአርትዖት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ሁልጊዜ ተቀርጾ የሚጠብቀው ቀይ እርሳስዎ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከመድኃኒት ቤቴ መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጬ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ብዕሬን እያስቀመጥኩ ይህን ስጽፍልዎ ደህና ነኝ። ጤናዎ የተሟላ፣ ዕድሜዎ የረዘመ፣ ዓይንዎም የበረታ እንዲሆን የምመኘው ለወግ ያህል አይደለም። ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ እንደ ልማዴ ረዘም ስለሚል አንብበው ለመጨረስ ሦስቱም ያስፈልጉዎታል።

በድርጅቱ ማኅተም የተላከልኝ ማሳሰቢያ በክብር ደርሶኛል። በመጽሐፌ ምረቃ ላይ ታናሽ ወንድሜ የፈጸመው «ተደጋጋሚ ረብሻ» የተቋሙን ስም ስለነካ በጋዜጣ ላይ በይፋ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ይህን ካላደረግሁ ግን ሁለተኛው እትም እንደማይታሰብ፣ እንደ እርስዎ ባለ የሠለጠነ ሰው ቋንቋ ተገልጾልኛል። ጋዜጣውን አግኝቻለሁ፤ አዘጋጁም ቦታ ሰጥቶኛል። ይቅርታውን ግን ሆዴ ውስጥ ብፈልግ፣ ኪሴ ውስጥ ብፈልግ አጣሁት። ባዶ እጄን እንዳልቀር የሆነውን ነገር ከሥሩ ልተርክና አንባቢ በመካከላችን ይፍረድ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ አንባቢ ግን ላያውቀኝ ይችላልና፣ እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴት ፋርማሲስት ነኝ። ባለፈው ወር የታተመው ልብ ወለድ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ታሪኩ በበረዶ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ስለዋለ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ሰውየው በመጽሐፉ ውስጥ ያላገባ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወፍ የሚያረባ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በሩን ግን አልፈጠርኩትም።

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩም የሥራ ባልደረቦቹም «ጭምቱ» እያሉ ነው የሚጠሩት። እናታችን በሕይወት ሳለች ይህ ልጅ እየራበው እንኳ ሌላው እስኪጠግብ ይጠብቃል ትል ነበር። ይሠራ የነበረው የቀዘቀዘ ሥጋና ዓሣ በሚከማችበት መጋዘን ነው። የበረዶ ክፍሉ በር ወፍራም ብረት ሲሆን፣ ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ከተሰበረ ቆይቶ ነበር። ወንድሜ ይህን ለመጋዘኑ ኃላፊ ነገረው። ሰነባብቶም አስታወሰው። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል ሰምቻለሁ እኮ፣ አንድ ነገር አትደጋግምብኝ አለው። ጭምት ሰው ነውና አልደገመም።

አንድ ቅዳሜ፣ ሠራተኛው ግማሽ ቀን ሠርቶ ሊወጣ ሲል፣ ወንድሜ የተንጋደዱ ካርቶኖች ሊያስተካክል ወደ በረዶ ክፍሉ ገባ። ከኋላው የመጣ ባልደረባው ሰው መኖሩን ሳያውቅ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና ወደ ቤቱ ሄደ። ግቢውን የሚጠብቀው ሰው ከመንገዱ በኩል ባለችው የጥበቃ ክፍል ውስጥ ኳስ በሬዲዮ ይከታተል ነበር። ወንድሜን ያገኘው ጭነት አርፍዶ ያመጣ ሾፌር ነው፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል። ነፍሱ ተረፈች። የቀኝ እጁ ጣቶች ጫፍ ግን እዚያው ቀረ።

መሥሪያ ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ጉዳዩን መርምሮ፣ «ድምፅ የሰማ ሰው ባለመገኘቱ ሠራተኛው በአግባቡ የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ጻፈ። ሰፈር ደግሞ እንደ አጣሪ ቡድን ቃል አይመርጥም። ጭምት አይደል፣ መጮህ አፍሮ ይሆናል አሉ፤ ሳቁም። ቀልዱ ከሱቅ ወደ ፀጉር አስተካካይ፣ ከፀጉር አስተካካይ ወደ ልቅሶ ቤት ሲዞር ከረመ። ያን ጊዜ ቀይ እርሳስ የያዘ ሰው በሰፈሩ ቢኖር ኖሮ እንዴት በጠቀመን።

ወንድሜ ሥራውን ከተወ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ፣ የመድኃኒት ካርቶኖች መሐል ባለች ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። ለማንም ያላወራውን ለእኔ ያወራው እዚያ ነው፤ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። የነገረኝም አንዴ አይደለም። መጀመሪያ ሲነግረኝ በመዳፉ በሩን እንደመታ፣ ማንም እንዳልመጣ ነገረኝና ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላ ቀን ያንኑ ታሪክ ከሥሩ ጀመረው፤ በዚያኛው ጫማውን አውልቆ በተረከዙ ደብድቦ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀን፣ ጫማው ድምፅ አላወጣ ሲለው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዓሣ በጅራቱ ይዞ በሩን መምታቱን ነገረኝ። ይህን ሲናገር ሳቀ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የመጀመሪያ ሳቁ ያ ነበር። እጆቹ አልታዘዝ ሲሉት በግንባሩ እንዳንኳኳ የነገረኝ ግን ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ እኔን ሳያይ፣ የአንድ ሽሮፕ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ መስሎ። ሲደጋግመው ባልሰማው ኖሮ ያንን አላገኘውም ነበር።

መጽሐፉን የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ እንደ መሥሪያ ቤት ወግ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፤ ስለ መጀመሪያው ቀጠሯችን አመሰግናለሁ። ሊፍቱ ለጥገና ቆሟል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት ስለነበር ረቂቄን በፌስታል ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። ቢሮዎ ከማተሚያ ቤቱ ግቢ በላይ ስለሆነ የመስኮቱ መስተዋት ከማሽኑ ጋር ይንቀጠቀጣል። ወንበር ሰጡኝ፤ ታሪኩ ነፍስ እንዳለው ነገሩኝ፤ ቀጥለውም አንዱን ገጽ ገልጠው በጣትዎ እያስከተሉ አነበቡልኝ፦ «ዝም አለ። ምንም አልተናገረም። ከአፉ ቃል አልወጣም።» ከዚያ ከመነጽርዎ በላይ አዩኝና፣ ሦስት ጊዜ ዝም የሚል ሰው ብዙ እያወራ ነው አሉኝ። ሳቅሁ። እውነትዎን ነበራ። ይህን ምስጋና ያለ አንዳች ሽሙጥ ይቀበሉኝ፤ ከዚህ ወዲያ የሚመጡትን እንደዚህኛው አላረጋግጥልዎትም።

ረቂቄን ይዤ ቤቴ ገባሁና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ዓይን ያሳለፈውን ጆሮ አያሳልፍምና። ያገኘሁት ጉድ ነው። በመጽሐፌ ውስጥ ያለ ፍጡር ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ሲያዝን ይደፋል፣ ሲያፍር ይደፋል፣ ሒሳብ ሲያስብ ይደፋል፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ጠፋ። ደረጃ የሚወርድ ሰው ሁሉ «ወደ ታች» ይወርዳል፤ ወዴት ሊወርድ ኖሯል? አንዱ ገጸ ባሕርይ «አልሄድም» ብሎ በር ሲዘጋ፣ እኔ ከኋላው ብቅ ብዬ መሄድ እንዳልፈለገ ለአንባቢ አስተረጉማለሁ። ሁለት ተቆጪ አክስቶች ነበሩኝ፤ አንዷ በምትቆጣበት ሌላዋም ትቆጣለች። አንደኛዋን ሰረዝኳት፤ ከቤተሰቡ ውስጥ መጥፋቷን ያስተዋለ የለም። የበረዶ ክፍሉን ቅዝቃዜ ለማስረዳት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ቢላ፣ እሳት፣ መርፌና ጅብ አሰልፌ ነበር። ሁሉንም አሰናብቼ ትንፋሹ ጢሙ ላይ መድረቁን ብቻ አስቀረሁ፤ ይበልጥ በረደ።

መጽሐፉ ከሳ። የከሳው ግን እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ሯጭ ነበር። በዚያ ሥራ ውስጥ ለራሴ አንድ መለያ አገኘሁ፦ ሲደገም ምንም የማይጨምረውን ቆረጥኩ፤ ሲደገም የሚለወጠውን ተውኩ። በሥራዬም ቢሆን እንደዚያው ነው። ለበሽተኛ ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ ነግሬው ስጨርስ እንደገና እነግረዋለሁ፤ ከዚያ እሱ ራሱ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። መልሶ ሲነግረኝ ነው ማንኪያውና ጠዋቱ እንደተምታታበት የማውቀው።

በዚህ መለያ መሠረት በበረዶ ክፍሉ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ነገር ሆን ብዬ ተውኩ። ሰውየው ስለ ወፎቹ ያስባል፣ ስለ አባቱ ያስባል፣ ዘፈን ለማስታወስ ይሞክራል፤ በሐሳቦቹ መሐል እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይመላለሳሉ፦ «አንኳኳ። ማንም አልመጣም።» ቃላቱ አይለወጡም። የሚያንኳኳበት ነገር ግን ይለወጣል፤ መዳፍ ነበር፣ ጫማ ሆነ፣ ዓሣ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ግንባር ሆነ።

፪ኛ፤ ስለ ተስፋ ቃልዎ አመሰግናለሁ። የታረመውን ረቂቅ ሳስረክብ ያቺ ምዕራፍ እንዳትነካ ለመንኩዎ። ነገሩ ከወንድሜ የመጣ መሆኑንም፣ በመሥሪያ ቤቱና በሰፈሩ የተባለበትንም ነገርኩዎ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እርስዎም በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ አንባቢ ሞኝ አይደለም፣ አንዴ ከነገሩት ይበቃዋል አሉኝ። እኔ ስሟገት ጊዜ፣ «እናየዋለን» ብለው እስከ ደረጃው ድረስ ሸኙኝ። «እናየዋለን» ማለት «አይሆንም» ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ሲመጣ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ ነበረብኝ። ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ቅጂ እንዳላይ ያደረጉኝም በሥራ የተጠመድኩ ሰው መሆኔን አስበው ይሆናል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፤ መጽሐፉ ታተመ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች መድኃኒት ቤት ድረስ ተላኩልኝ፤ ሽፋኑ ያማረ፣ ወረቀቱ የጸዳ ነበር። የራሴን ጽሑፍ ታትሞ ለማየት ድፍረት ስላጣሁ አንዱን አንሥቼ ለወንድሜ ሰጠሁትና ወደ ደንበኞቼ ተመለስኩ። እሱ ጓዳ ገብቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ገጾቹን በግራ አውራ ጣቱ እየገለጠ ሲያነብ በመጋረጃው ክፍተት አየው ነበር። አንድ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ወፎቹ ጋ የደረሰ ይመስለኛል።

ለአንዲት እናት የሳል መድኃኒት እያስረዳኋት ሳለ ወጣ። ጣቱን በመጽሐፉ ገጾች መሐል ከትቶ፣ ሴትየዋ እስክትሄድ ድረስ ጥግ ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ገልጦ መደርደሪያው ላይ ዘረጋልኝ።

«እዚህ ላይ አንዴ ነው ያንኳኳሁት» አለኝ።

አነበብኩት። «አንኳኳ። ማንም አልመጣም።» ከሥሩ የወፎቹ ሐሳብ፣ የአባቱ ሐሳብ፣ ዘፈኑ፤ ሁሉም በሚያምር ሁኔታ ተከታትለው፣ አንዳች እንቅፋት ሳይገጥማቸው ይፈስሳሉ። ከዚያ፣ «ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በሩ ተከፈተ።» ጫማው የለም። ዓሣው የለም። ግንባሩ የለም። በመጽሐፌ ውስጥ ያለው ሰው በሩን አንዴ ነካ አድርጎ፣ መልስ ሲያጣ ቁጭ ብሎ ትዝታውን የሚያወጋ ሰው ነው።

ልናገር ስል ወንድሜ ቀደመኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ እነሱ ያሉት ልክ ነው ማለት ነው» አለ። «አንቺም እንደዚያ ካልሽ።»

መጽሐፉን በጥጥና በፕላስተር መሐል አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ቤቱ ስሄድ ሚስቱ በር ላይ ተቀብላኝ ተኝቷል ትለኛለች፤ እሷም ውሸት አታውቅበትምና ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ከሰው ጋር መነጋገር እንደተወ፣ ቀኑን ሙሉ መኝታ ቤቱ በር ፊት ወንበር አስቀምጦ እንደሚቀመጥ፣ ምን ሆነህ ስትለው ምንም እንደሚላት የነገረችኝ ቆይታ ነው።

፬ኛ፤ አቤቱታዬን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ዳግመኛ ብመጣ የተቀበሉኝ በደስታ ነበር። ገና ሳልቀመጥ አንድ ሐያሲ ስለ መጽሐፉ የጻፈውን አሳዩኝ። ሐያሲው የደራሲዋን ቁጥብነት ያደንቃል፤ አንዴ ብቻ አንኳኩቶ ዕጣውን በክብር የሚጠብቀውን ሰውም የብስለት ምልክት ይለዋል። እርስዎም በጣም ደስ ስላለዎት ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። ወንድሜ ምን እንዳለኝ ብነግርዎ ጊዜ፣ ሕይወትና ልብ ወለድ የተለያዩ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዱኝ። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ። ሁለተኛ እትም ሲመጣ ጉዳዩ እንደሚታይም ነገሩኝ።

አምስተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ምስጋና ይሁን ስሞታ ለራሴም አልለየልኝም። እንዲሁ ልተርከው።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ማይክሮፎኑ በየመሐሉ ያፏጫል፤ እኔ ፊት ለፊት ከእርስዎ ጎን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሚስቱ ግን ደውላ ነበር፤ ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዙን ራሱ ተኩሷል አለችኝ። ሊጀመር ሲል ሁለቱም መጡና የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አዳራሹን ከኮሪደሩ በሚለየው የእንጨት ግድግዳ አጠገብ ተቀመጡ።

እርስዎ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ሊያነቡ ተነሡ። ከሁሉ ገጽ መርጠው ያንን አነበቡ። ድምፅዎ መልካም ነው፤ ይህን ማንም አይክድዎትም። «አንኳኳ። ማንም አልመጣም» አሉና አፍታ ያህል አረፉ። ሕዝቡም ትንፋሹን ዋጠ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ከኋላ በኩል እንጨት ተመታ። ሰው ዞር ዞር አለ። አንድ ነገር የወደቀ መስሎዎት ፈገግ ብለው ማንበብዎን ቀጠሉ። ወንድሜ እንደገና መታ፤ አሁን በጡጫው ነው። ማይክሮፎኑ ደግሞ ድምፁን ተቀብሎ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ አዞረው። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው፤ ቀስ ብሎ እጁን አስለቀቀና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። በተረከዙ መታ። አንድ ወጣት ሳቀ። አንዲት ሴት ዝም አሰኙት እንጂ አለች። እሱ ግን ማንንም አላየም፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነበር፣ መምታቱንም አላቆመም። እኔ ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል የአዳራሹ ጥበቃ በሩጫ መጣ።

ያን ጊዜ እርስዎ በማይክሮፎኑ፣ ሁሉም በሚሰማው ጨዋ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ምን ፈልገው ነው?» አሉት።

ያ ሰው በሰው ፊት አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ በራሱ ሠርግ ላይ እንኳ ምስጋናውን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። አንድ እግሩ በካልሲ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ዞር አለ።

«ምንም አልፈለግሁም» አለ። «ይሰማ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አጠለቀ። በእነዚያ ጣቶች ክር ማሰር ያስቸግረዋል፤ ሲታገል ያየው ጥበቃ፣ ሊያስወጣው የመጣው ሰውዬ፣ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ አሰረለት። ሁለቱም ተነሥተው ወጡ። ሚስቱ ቦርሳዋንና ኮቱን ይዛ ተከተለቻቸው። እርስዎም ለእንግዶቹ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብር አለፉ። ማሳሰቢያዎ «ረብሻ» የሚለው ይህንን ነው። ተደጋጋሚ መሆኑን ግን አልክድም።

ወንድሜ ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ ነገራት። በሩንም፣ ኃላፊውንም፣ ሁሉንም። አጠገቡ ስትኖር ኖራ ከአፉ የሰማችው ያን ቀን ነው። ሲጨርስ አልቅሳ እንደሆነ ብጠይቃት አላለቀስኩም አለችኝ። እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ ነው ያልኩት አለች። ደገመላት። ሲደግመውም ለእኔ እንኳ ያልነገረኝን አንድ ነገር ነገራት። እሷ ነግራኛለች፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። የታተመ ነገር ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ።

ተፈወሰ ለማለት አልደፍርም። አሁንም ቤቱ ውስጥ የሚዘጋ በር የለም፤ የመጸዳጃ ቤቱ እንኳ ገርበብ ብሎ ነው የሚያድረው። ከሰዓት ከሰዓት ወደ ጓዳዬ መምጣት ግን ጀምሯል፤ መጽሐፉ ያለበትን መደርደሪያ ሳያይ አልፎ ይቀመጣል። መጽሐፉም በየመደብሩ ይሸጣል፤ ሰውየውም በየቅጂው አንዴ አንኳኩቶ ይቀመጣል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጨዋ ወጣት ለእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ስታውቀኝ ጊዜ፣ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ አስፈረመችኝ። በጣም እንደወደደችው ነገረችኝ፤ አንድ ነገር ብቻ እንዳበሳጫትም አልደበቀችኝም። ሰውየው ምነው ደግሞ ቢያንኳኳ፣ ይሰሙት ነበር እኮ አለችኝ። ወንድሜ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። አልተነሣም፤ አልሳለም። ልጅቷ ደግሞ ምንም አላጠፋችም፤ የተሰጣትን ነው ያነበበችው።

ስለዚህ የተከበሩ ሆይ፣ ይቅርታውን በተመለከተ መልሴ እንደሚከተለው ነው። ወንድሜ አጠፋ የምለው ነገር ስለሌለኝ በስሙ የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም። ሁለተኛውን እትም በተመለከተም ራስዎን አያስጨንቁ፤ ያ ምዕራፍ እንደጻፍኩት ካልተመለሰ በስተቀር እትሙን የማልፈልገው እኔ ነኝ። ከቃላት መሐል ትርፉን ለይተው ስላስተማሩኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግንዎታለሁ። ትርፍ ነው ብለው ከጣሉት መሐል ግን አንድ ሰው ነበረበት፤ እሱን እንዲመልሱልኝ ነው የምጠይቀው።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለሥራዎ መቃናት፣ ለእንቅልፍዎም መጥለቅ ከልብ እየተመኘሁ፤

እስከ ባለፈው ወር ድረስ ደራሲዎ የነበርኩት፣
የአንድ ጭምት ሰው ታላቅ እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጽሐፉን ስገላብጥ የእርስዎን የተከበረ ስም ከነማዕረጉ በውስጥ ገጹ፣ በመግቢያው ግርጌ፣ በሽፋኑ ጀርባና እኔ ባልጻፍኩት የምስጋና ገጽ ራስጌ ላይ አገኘሁት። አንዱ ብቻ ይቅር ቢባል የትኛውን እንደሚመርጡ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። መምረጡ ከከበደዎ ግን ብቅ ይበሉ፤ መቀስ እንደሆነ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ሞልቷል።